የፍሬን ሸራ ምርጫዬና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ሰቆጣ ውስጥ የፍሬን ሸራ መምረጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላው ስለማያውቅ ነው። መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም። መኪናዬን መጀመሪያ ፈትቼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ መኪናዋ ግን ተነሥታ ሄደች። ፋብሪካው ያላወቀውን ትርፍ ብሎን እኔ አወቅሁበት ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ከመከር በኋላ ለልጄ ሚስት ልጠይቅለት ተነሣሁ። ልጅቷ በአበርገሌ መንገድ ካለች አንዲት መንደር ናት። አባቷ ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። በሁለተኛው ምክንያቱን ተናገረ። «ልጁን አልጠላሁትም። አባትየው ግን ስህተቱን በአፉ የሚያወጣ ሰው አይደለም ይሉኛል። እንዲህ ካለ ቤት ገብታ ልጄ ብትበደል ማን ይክሳታል?» ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ እሑድ ከቀትር በፊት እንድንመጣ ፈቀደ። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው።

ችግሩ መኪናዬ ነበረች። የፊት ጎማዎቿ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጭ ነበር። እንደ ወጉ የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እኔ ግን የምሄደው በሹፌርነት ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች የፍሬኑን ነገር ሰምተው «ሸራው ሲገዛ በዓይናችን ካላየን አንሳፈርም» አሉ። ስለዚህ ዓርብ ዕለት አራታችንም ጋቢያችንን ተከናንበን መለዋወጫ ሱቅ ገባን።

ባለሱቋ ሦስት ዓይነት ሸራ ደረደረችልን፤ ውድ፣ መካከለኛና ርካሽ። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው፣ ብዙ ጋብቻ ያስማማና ጥቂት ያፈረሰ ሰው፣ ምርኩዙን ተደግፎ ጠጋ አለ።

«ይኼኛው አገሩ የት ነው?»

«ቻይና ነው አባቴ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ቻይና ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱም እዚያው ነው።»

አንጋፋው ወደ እኛ ዞረ። «ዘመዳሞች ናቸው። በስንት ትውልድ እንደሚገናኙ ሳይቆጠር አንዱን ይዘን ሌላውን እንዴት እንተዋለን?»

«አባቴ፣ ሸራ እኮ ነው» አለች ባለሱቋ፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና።

«ሸራም ቢሆን ወገን አለው።»

ሁለተኛው ሽማግሌ «ነፍሳችን ናት» ብሎ ውዱን ያዘ። ሦስተኛው «ፍሬኑ ከመኪናዋ በልጦ ሊገኝ ነው?» ብሎ ርካሹን ያዘ። አንጋፋው ግራ ቀኙን በትዕግሥት ከሰማ በኋላ ጉዳዩን ለረቡዕ ቀጠረው።

«እሑድ ነው የምንሄደው!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ ዕውቀቴን አወጣሁ። ውዱ የአንዲት ፍየል ዋጋ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የተሠራው አስፋልት ላይ ለሚበር ሰው እንጂ በድንጋይ መሀል ለሚያዘግም ለእኔ ቢጤ አይደለም። ርካሹን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ ደረቅ ጭቃ ፈረፈረ፤ ጠርዙም ተሰንጥቋል። የመካከለኛው ሸራ ግን ከጀርባው ብረት ጋር ያለ ክፍተት ተጣብቋል፤ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። በኪሴ ይዤው ከመጣሁት አሮጌ ሸራ ጋር ሳነባብረው ልክክ አለ። አሮጌውን ሳይዙ ሸራ ሊገዙ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ እነሱን አላውቃቸውም፣ ማወቅም አልፈልግም። መካከለኛውን ገዛሁ። ባለሱቋ ጠቅልላ ስትሰጠኝ «አባቴ፣ ቅባት እንዳያስነኩት አደራ» አለች።

ቅዳሜ ራሴ ገጠምኩት። ፍሬኑ ያዘ፤ ግን በያዘ ቁጥር ሲጥ ይላል። አዲስ ሸራ እስኪለማመድ ሊጮህ እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ሚስት ሊጠይቁ ሲሄዱ እንደሚታረድ ፍየል እየጮሁ አይገባም። እኛ አገር አዲስ የቀንበር ጠፍር ሲንቋቋ ቅቤ ይቀባል፤ ዝም ይላል። የባለሱቋን ቃል አልረሳሁትም። እሷ ያለችው ግን የሞተር ዘይትና ግራሶ ነው እንጂ የላም ቅቤ አላለችም። በስሱ ቀባሁት። ጸጥ አለ። ይህን ዘዴ ያገኘ ሌላ መካኒክ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ሜዳውን በሰላም ጨረስን። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስረግጥ መኪናዋ እንዳልሰማች ሆነች። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ አጓራ፤ እሷ ግን መውረዷን አልተወችም። የእጅ ፍሬኗማ ከሞተ ቆይቷል።

«የምን ሽታ ነው?» አለ አንጋፋው አፍንጫውን ነፋ አድርጎ። «የተነጠረ ቅቤ ይሸተኛል።»

«ደግሰው እየጠበቁን ነዋ! እሺ ሊሉን ነው» አለ ሁለተኛው።

የልጅቷ አባት ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ባለው ቤቱ በር ላይ ከዘመዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ቀስ ብለን አለፍነው። ሽማግሌዎቹ በመስኮት እጅ ነሡ፤ ዘመዶቹም ግራ እየተጋቡ አጸፋውን መለሱ። መኪናዋ ማዶ ያለውን ዳገት ጥቂት ወጥታ ደከማት፤ ትቆማለች ብዬ ማርሹን ሳወጣ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። በበሩ ላይ እንደገና አለፍን፣ አሁን በጀርባችን። አንጋፋው ቀትር እንዳይደርስብን ብሎ ንግግሩን ጀመረ። «ልጅዎን ለልጃችን...» ሲል ራቅን። ወደ ፊት ስንመለስ «...ብለን መጥተናል!» ብሎ ጨረሰ።

ወጉ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ ቆሞ እንዲለምን ነው። «ተቀምጦ ልጅ የሚጠይቅ የምን ሽማግሌ ነው?» ብሎ አባትየው ጮኸብን።

«መውረድ አቅቶን ነው ጌታው! ይቅር ይበሉን!» አለ አንጋፋው።

በመጨረሻ መኪናዋ ከታች ጎድጓዳው ውስጥ ረጋች። በእግራችን ወደ በሩ ወጣን። ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ቆሙ። አባትየው ግን እነሱን ትቶ እኔን አየኝ፤ የልጁ አባት መሆኔን ያውቃል።

«ሹፌሩ፣ ፍሬንዎ ምን ሆነ?»

አንጋፋው ሊያድነኝ ፈጠን አለ። «ሸራው መናኛ ነው። ባለሱቋ አታላው ነው እንጂ እሱስ...»

ደሜ ፈላ። ዝም ብል ነገሩ በባለሱቋ ላይ ተላክኮ ያልፍ ነበር። ግን እኔ የመረጥኩት ሸራ በአደባባይ ሲሰደብ እንዴት ዝም እላለሁ?

«ሸራው ምንም አይወጣለትም!» አልኩ። «ወፍራም ነው፣ እኩል ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንዳይጮህ ብዬ ቅቤ ቀባሁት።»

አንጋፋው በአገራችን የአገው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልተረጉመውም።

«ራስዎ ነዎት ያበላሹት?» አለ አባትየው።

«በገዛ እጄ።»

«ሌላ ሰው አልመከረዎትም?»

«እኔን ማን ይመክረኛል?»

ከዘመዶቹ ጋር ተያየ። ከዚያም ለሽማግሌዎቹ «በሉ ተቀመጡ» አላቸው። የሰማው ወሬ ሐሰት እንደነበረ፣ ልጅቷንም እንደሚሰጥ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ልጅቷ በዚያች መኪና ቁልቁለት እንዳትወርድ ብቻ አስማለን። ሽማግሌዎቹ ለመማል ተሽቀዳደሙ።

እውነቱን ለመናገር እኔ እዚያ በር ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ አልሄድኩም፤ የተናገርኩት ለምርጫዬ ልከራከር ነው። ሰውየው በሌላ ተረዳው፤ ለልጄ ስል አላረምኩትም። ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር አብረን እንበላለን፣ አብረን እንጠጣለን። መካከለኛው ሸራ ትክክለኛ ምርጫ እንደነበረ ግን እስካሁን አንዲት ቃል አልመሰከረልኝም።