ደሳለኝን ለእናቱ ስንመልስ

ገዳሪፍ፣ ማለዳ

ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ከገዳሪፍ የተነሣነው ሕፃኑን ደሳለኝን ኡም ራኩባ ካምፕ ላለችው እናቱ ልንመልስ ነው። እናቱ ጥሩነሽ ረሃቡን ሸሽታ ከጎንደር ቆላ ስትመጣ ታማ፣ ጡቷም ደርቆ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ዘይነባ ገና አራስ ስለነበረች ልጁን ከኛዋ ከሐሊማ ጋር እያጠባች ለወራት አከረመችው። አሁን እናቱ ድናለች፤ "ልጄን" ብላ ልካብናለች። ሐሊማን ለጎረቤት ትተን ሎሪ ላይ ወጣን። እኔ በልቤ ሎሪው መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንድንመለስ እመኝ ነበር።

ወደ ዶካ

ዝናብ በመጥፋቱ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ማሽላው ከጉልበት አላለፈም። ሱዳናዊው ሾፌር ደሳለኝን አየት አደረገና፣

"ማሻአላህ! ቁርጥ አባቱን!" አለኝ።

ዘይነባ ሳቀች። እኔም አላረምኩትም። ዶካ ወርደን ፉል በላን። ዳቦው ዋጋው ያው ሆኖ መጠኑ ግማሽ ሆኗል። ከዚያ ኡም ራኩባ ድረስ በአህያ ጋሪ ተንገጫገጭን።

ኡም ራኩባ

ጥሩነሽ ከሣር ጎጆዋ ደጅ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እጇን ስትዘረጋለት ልጁ ጮኸና ዘይነባ እንደ ሱዳን ሴቶች በተጠቀለለችበት ቶብ ውስጥ ተሸጎጠ። ደጋግማ አባበለችው፤ ባሰበት። በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ውሰጅው እትዬ ዘይነባ፤ አንቺን አውቋል። እኔን ምን ያደርገኛል?"

ደስ አለኝ። የሴትዮዋን ፊት ሳይ ግን ደስታዬ አሳፈረኝ።

ዘይነባ ተቆጣች። "ምን ማለትሽ ነው? አንቺ የከብት አገር ሰው! ላም የሌላ ጥጃ አልቀበል ስትል እናንተ ዘንድ ምን ይደረጋል?"

"የሞተውን የራሷን ጥጃ ቆዳ እናለብሰዋለን። አሽትታ ትቀበለዋለች።"

"እንግዲያስ!"

የለበሰችውን ቶብ ፈታ ጥሩነሽን አጣፋቻት፤ እሷ የጥሩነሽን ነጠላ ለበሰች። ቶቡ ወተት ወተት፣ ቤት ቤት ይሸታል። ልጁን አቀበለቻትና እኔን እየጎተተች ከጎጆው ጀርባ ዞረች። ልቅሶው አንጀት ይበላል። ዘይነባ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ቆይቶ በረድ አለ። ብቅ ብለን ስናይ ደሳለኝ ፊቱን ቶቡ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ጥሩነሽ እንዳይነቃባት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

"የጡት እናቱ ነሽ" አለች በሹክሹክታ። "ሐሊማም እህቱ ናት። ይህን እየነገርኩት ነው የማሳድገው።"

ገዳሪፍ፣ ምሽት

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። አደራ ሲመልሱት ሸክም የሚቀል ይመስለኝ ነበር። የልጅ አደራ ግን የሚከብደው ካወረዱት በኋላ መሆኑን በዚያ ጉዞ ተማርኩ።

ሐሊማ እናቷን ስታይ ጎረቤት እቅፍ ውስጥ እየተፍነከነከች ተቀበለቻት፤ ግራ ጡቷን ጠብታ፣ ጠግባ ተኛች። ቀኙ የደሳለኝ ነበር። ወተቱ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶ ይወርዳል። ፎጣ አቀበልኳት።

ዘይነባ ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ፣

"የሐሊማ አባት" አለችኝ፤ "ነገ ሐኪም ቤት ሂድና ጡት ያጣ ሕፃን እንዳለ ጠይቅልኝ።"