ብሩ የእኔ፣ እንጨቱ የባለቤቴ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ በመጣው በጋ፣ ከመደርደሪያው ሥር ዱቄት አየሁ። ቢጫ፣ የላመ፣ የሽሮ ዱቄት የሚመስል። ጠረግሁት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተከምሯል። ቀና ብዬ ሳይ ከእንጨት ምስሎቹ የአንዱ ጉልበት ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ነቀዝ ገብቶበታል።

ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ከጎጃም አሶሳ የመጣነው እሱ ከእስያ ከመጡ የመንገድ ሠሪዎች ጋር ሥራ ስላገኘ ነው፤ እኔም በነርስነቴ ወደ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ባልደረቦቹ ለዕረፍት አገራቸው ሲሄዱ አሮጌ ነገር እንዲያመጡለት ያዝዛቸው ጀመር። አንድ ጊዜ ራሱም ለሥልጠና ተልኮ፣ ሌላው ሰው ስልክና ጫማ ይዞ ሲመለስ እሱ በሸሚዝ የጠቀለለው ቡድሃ ይዞ መጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ሞላ። ከብሩ፦ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ የአንገት ቀለበት፣ ጫፋቸው የዘንዶ ራስ የሆኑ አምባሮች፣ ሲነቀነቅ የሚንሿሿ የፀጉር መርፌ፣ ሕፃን አንገት ላይ የሚታሰር የቁልፍ ቅርጽ ያለው ጌጥ። ሕፃኑን ከዚህ ዓለም ጋር ቆልፎ እንዲያቆየው ነው አሉ። እኛ ልጅ አልነበረንም። እሱንም እንደ ሌላው አጸዳው ነበር። ከእንጨቱ ደግሞ፦ እግሩን አጣጥፎ በቀኝ እጁ መሬት የሚነካ፣ ከማሰሮ ውሃ የምታፈስ ሴት፣ መዳፎቹን ያጋጠመ ተላጭቶ የሚስቅ መነኩሴ። የወርቅ ቅባቸው ለቅቆ በልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ብቻ ቀርቷል።

መጀመሪያ ላይ ጣዖት ቤቴ አይገባም ብዬ ነበር። «አልሰግድለትም፤ አንቺም አትስገጂለት። የሰው እጅ የሠራው ነው፣ እጁን እዪለት» አለኝ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ብሩ የእኔ፣ እንጨቱ የእሱ ሆነ። እኔ ጌጡን በአመድና በሎሚ እፈትጋለሁ። እሱ በየበጋው መግቢያ የኑግ ዘይት አሙቆ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎበት፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይቀባል። እኔ አቧራቸውን እንኳ አልጠርግም። መስክ ወጥቶ ሲቆይ አቧራ ለብሰው ይጠብቁታል።

ባደግሁበት መንደር ዳር ትልቅ ዋርካ ነበረ። ጧት ስናልፍ ግንዱ ቅቤ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። እናቴ እጄን ጎተት አድርጋ «አትዪው» ትለኛለች። ካህናቱም ሁልጊዜ ይገስጹበት ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ በዘይት በራሰ ጨርቅ የምስል ትከሻ ሲያሽ ባየሁ ቁጥር ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

አሁን ግን እሱ የለም። ካልተቀቡ ዱቄት ሆነው ያልቃሉ። ከቀባኋቸው ደግሞ እናቴ አትዪው ያለችኝን ነገር በገዛ እጄ ማድረጌ ነው።

ለጎረቤቴ ነገርኳት። የበርታ ሴት ናት፤ በቀርከሃው አጥር በኩል ሳንጠራራ ውለን አናውቅም። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ሲስተር፣ ብሩን ለእኔ ስጥ፣ እንጨቱን ለምስጥ ስጥ» አለችኝ።

«እስኪ እንጨቱን አንቺ ጋ ላስቀምጠው።»

«ወላሂ አይሆንም። ሐራም ነው። ባሌ እኔንም እንጨቱንም አንድ ላይ ያወጣል።» በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እሱ የፀጉር መርፌ ግን ሐራም አይደለም» አለች።

መርፌውን ሰጠኋት። ስትስቅ ፀጉሯ ላይ ይንሿሿ ነበር። ባለቤቴ የወደደውን ነገር ከቤት ሳወጣ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። በቀብሩ ቀንም እንዲሁ ነበርኩ። ሰው ሲያለቅስ እኔ የድንኳኑ ወንበር ይበቃ እንደሆነ አስብ ነበር። እህቴ እየደወለች «ሽጠሽ፣ አቃጥለሽ ነይ፤ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ እንጨቶቹን ነቀዝ እየበላቸው ነው። ልቀባቸው ወይስ ይቅር?»

«የትኞቹን እንጨቶች?»

«እርስዎ ሲመጡ ከመጋረጃ ኋላ የምናደርጋቸውን።»

«እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። «መስኮት የሌለው ግድግዳ መጋረጃ ምን ያደርግለታል እያልኩ ስንት ዓመት ሳስብ ኖርኩ።»

አብረውኝ መጡ። መጋረጃውን ገለጥኩላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩ።

«ይኼኛው ምን ሆኖ ነው የሚስቀው?»

«አላውቅም አባ። ባለቤቴ ሲያየው አብሮት ይስቅ ነበር።»

«አድባር ከመቀባት በምን ይለያል፣ ልጄ?»

«እኔም እሱን ብዬ ነው የጠየቅሁዎ።»

«ይጥፋ ብትይስ?»

«ማለትማ እችላለሁ። ግን በየዓመቱ ይሠራው የነበረ ሥራ ነው። ሳይሠራ የቀረ ሥራ ቤት ውስጥ አስቀምጬ መኖር ከበደኝ።»

ጎንበስ ብለው የመነኩሴውን ፊት አዩ። ከዚያ፣ «ስትቀቢው ልብሽ ወደሱ ይሄዳል?» አሉኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። «ልቤ ወደየትም አይሄድም አባ። ቤተ ክርስቲያን ስቆምም አይሄድም። መቃብሩ ጋ ስሄድም አይሄድም።»

አባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምስሎቹን ትተው እኔን ማየት ጀመሩ። ውሃ ላምጣልዎ ብላቸው አይ አሉ።

«እንግዲያው ቀቢው» አሉ። «በርሽን እንደምትቀቢ አድርገሽ ቀቢው። ለዛሬ እንጨት ነው።»

በማግስቱ ዘይቱን አሞቅሁ። ከጋዙ ጋር ሲቀላቀል ቤቱ እሱ በነበረ ጊዜ በየበጋው ይሸት የነበረውን ሸተተ። መሬት የሚነካውን አነሳሁ። እንዳሰብኩት ከባድ አልነበረም፤ ነቀዙ ውስጡን በልቶታል። ጉልበቱን፣ ጀርባውን፣ የጆሮውን ረጅም ጫፍ ቀባሁ። እንጨቱ ዘይቱን ወዲያው ይጠጣዋል፣ ትደግሚለታለሽ፣ ይጠጣዋል። ሴትዮዋን ቀባሁ። መነኩሴውን ቀባሁ። ጥርሶቹ መሃል ጨርቁ ስላልገባ በክብሪት እንጨት አደረስኩለት። ፍርሃትም፣ ጸጸትም፣ ናፍቆትም ቢመጣ ብዬ ጠበቅሁ። እጄ ብቻ ቅባት ሆነ።

ዱቄቱ ቆመ። ለአባ ነገርኳቸው።

«ልብሽስ?» አሉኝ።

«እንደነበረ ነው።»

«ለከርሞ ሳትጠይቂኝ እንዳትቀቢ። እንደገና እጠይቅሻለሁ፤ ልብሽ መሄድ ከጀመረ ልከለክልሽ እችላለሁ።»

እሺ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሊከለክሉኝ የሚጓጉ ይመስላሉ። ቢከለክሉኝ ምስሎቹን ማን እንደሚቀባቸው አላውቅም።