የመርዶው ድንጋይ

እኛ አገር መርዶ በእግር አይሄድም ነበር። ከመካነ ሰላም በታች ያለው ሸለቆ እግረኛን ሁለት ቀን ያዞራል፤ ድምፅ ግን ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ስለዚህ ሰው ሲሞት መርዶ ነጋሪው ከመንደራችን በላይ ወዳለው ራሰ በራ ተራራ ይወጣና፣ ጫፉ ላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ ቆሞ የማዶውን ዘመድ በስሙ ይጠራል። ከዚያ ድንጋይ ለሌላ ጉዳይ የሚጮህ ሰው የለም። በሬ ቢጠፋም፣ ሰርግ ቢደገስም ከዚያ አይነገርም።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ ረሃቡ ገና ሳይለቀን፣ በደሴ መንገድ ዳር እህል ይታደላል ሲባል ሰምተን እናቴና እኔ ሄድን። ብዙ ቆይተን፣ በእግዜር ቸርነት ቆመን ተመለስን። ቤታችን በገባን ሰሞን ከከላላ በኩል የመጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ በቅሎውን እየነዳ ወደ አጅባር ሲያልፍ፣ ማታ ላይ ደጃችን ቆሞ ውሃ ለመነ። ድሮም ያውቃት ነበርና እናቴን ባየ ጊዜ ቅሉን ከአፉ መለሰው።

«እርስዎ አሉ እንዴ?» አለ። «ማዶ ያለችው ልጅዎ እኮ እናትሽም እኅትሽም መንገድ ላይ ቀርተዋል ተብላ ለቅሶ ተቀምጣለች። ከነገ ወዲያ ማለዳ ጡት የሚጠባ ልጇን አዝላ በቆላው ልትወርድ ነው። ያሉበትን ፈልጌ አፈር ላልብሳቸው ብላለች። ሰው ቢመክራትም እንቢ አለች።»

ያን ቆላ እናውቀዋለን፤ በሱ ነው የመጣነው። እዚያ ጨቅላ ይዞ የገባ ሰው ጨቅላውን ይዞ ሲወጣ አላየንም።

እናቴ ሰውነቷ ቢታመምም ምላሷ አይታመምም። «እይ እንግዲህ፣ ልጄ ሙሾ ታወርድልኛለች፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ቆሎ እቆረጥማለሁ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማልቀሷን አወቅሁ።

ነጋዴው «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ወደ መርዶ ነጋሪው ሄድኩ፤ ጎረቤታችን ነበሩ፣ ሽማግሌ። መደባቸው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። «አያ፣ ነገ ተነሥተው ለእኅቴ ይጥሩልኝ» ብላቸው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እግራቸውን አሳዩኝ። በረሃብ አብጧል።

«ወንድ ፈልጊ» አሉኝ።

«ወንዱማ የት አለ? ግማሹ ተሰደደ፣ ግማሹ እንደርስዎ ተኛ። እኔው እወጣለሁ።»

«ሴት ከዚያ ድንጋይ ጮኻ አታውቅም።»

«ሴት የምታውቀውን ብቻ የምታደርግ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮን አንዳችንም ባልተሻገርን።»

ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው። «እንግዲያስ ከቀትር በፊት ድረሺ» አሉ። «ቀትር ካለፈ ነፋስ ከቆላው ይነሣና ቃል ይበላል። መንገዱንም አትፈልጊው፤ ናዳ ወስዶታል።»

ማልጄ ወጣሁ። እናቴ ከቀረችን ቆሎ አብዛኛውን ቋጠረችልኝ። አልወስድም ብላት «ተራራ የምትወጪው አንቺ፤ እኔ ለመተኛት ስንቅ አያሻኝም» አለች።

እስከ ደረቀችው ምንጭ ድረስ የከብት መንገድ አለ። ከዚያ ወዲያ ጭንጫና ቁልቋል ብቻ ነው። ሣር የነበረበት ሁሉ ተግጦ አልቋል። ቀጥ ብዬ ልውጣ ብል ጠጠሩ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይመልሰኛል። ተናደድኩ። እኔ ደግሞ ስናደድ ጉልበት አገኛለሁ፤ እናቴ «ይቺ ልጅ በንዴት ነው የምትኖረው» የምትለው እውነቷን ነው። በእጄም በእግሬም እየቧጠጥኩ ወጣሁ። ወገቡ ላይ ጭላዶች ሥር ሲቆፍሩ ደረስኩባቸው። ቀና ብለው አዩኝና እዚያው ቁፋሯቸውን ቀጠሉ። ለመሸሽ እነሱም አቅም አልነበራቸውም።

ቁጭ ማለት ደጋግሞ አማረኝ። አልተቀመጥኩም። በደሴ መንገድ ትንሽ ልረፍ ያለ ሁሉ እዚያው ነው የቀረው። በዱላዬ ተደግፌ ቆሜ አረፍኩ፣ ቆሎዬን ቆሜ ቆረጠምኩ።

ደረስኩ ብዬ ቀና ስል ከፊቴ ሌላ ጫፍ ቆሟል። ከመንደራችን ሲያዩት አንድ የሚመስለው ተራራ ለካ ሁለት ኖሯል። ድንጋዩ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው፤ መካከላቸው ደግሞ ገደል ቀረሽ ጎድጓዳ አለ። ሽማግሌው ይህን ያልነገሩኝ ወይ ረስተውት ነው፣ ወይ እንዳልቀር ብለው ነው። ጥሩ አድርጌ ሰደብኳቸው። ከዚያ ወረድኩ፤ እንደገና ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ስቆም ፀሐይ ዘንበል ብላለች፣ ነፋሱም ተነሥቷል።

እንደ ወጉ የእኅቴን ስም ጎትቼ፣ ደጋግሜ ጠራሁ። ማዶ ከጎጆዎቹ ሰው እየተሯሯጠ ወጣ። ስሟ ደረሰ ማለት ነው። «እናታችን አልሞተችም! እኔም አለሁ! እንዳትሄጂ!» አልኩ።

የተመለሰልኝ ዋይታ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ አየሁ። አንዷ መሬት ላይ ወደቀች፤ እኅቴ ነበረች። ምን ጠብቄ ኖሯል? ከዚያ ድንጋይ ስሙ ተጠርቶ ቀሪውን የሚያዳምጥ ማን አለ? ወሬውን በገዛ አፌ አረጋገጥኩላቸው። «አልሞትንም እኮ፣ እናንተ ደንቆሮዎች!» ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ እሱንም በላው፤ ደግ አደረገ።

ከዚህ ድንጋይ ወጥቶ የማያውቀው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። እልልታ ነው። በዚያ ዓመት ግን እልልታ ከየት ይምጣ? ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፤ ሴቱ ወልዶ እንኳ ዝም ይል ነበር። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። በቅሌ የቀረችውን ውሃ አፌ ውስጥ ይዤ ቆየሁ፣ ዋጥኳትና እልል አልኩ። የመጀመሪያው ሳል ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ያዘልኝ። እናታችን እልልታዋን ስትጨርስ ወደ ላይ ትሰብረዋለች፤ በአገሩ እንዲያ የምታደርግ ሌላ ሴት የለችም፣ እኔና እኅቴም የተማርነው ከሷ ነው። ሰበርኩት። ደግሜ ሰበርኩት።

ዋይታው ቀጥ አለ። የወደቀችው ሴት ተነሣች። ቆየት ብሎ ከማዶ አንድ እልልታ መጣ፤ የተራበ ሰው እልልታ፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የተሰበረ። ያኔ ቁጭ አልኩ። ደስ ብሎኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እኅቴ አልሄደችም። ልጇም አደገ።

እናቴ የሞተችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጠግባ በምታድርበት ዘመን፣ በአልጋዋ ላይ ነው። ሽማግሌው ቀድመው አልፈዋል። አዲሱ መርዶ ነጋሪ ወደ ተራራው ሊወጣ ሲነሣ ከፊቱ ቆምኩ። እልልታዬን ከሰማችበት ድንጋይ ለእኅቴ መርዶ አይነገራትም አልኩት።

«ታዲያ ከየት ሊነገራት ነው?»

«በእግሬ ሄጄ እነግራታለሁ።»

ጉልበቴን አይቶ ሳቀ። እኔ ግን ወንዙን ተከትዬ በታች ዞርኩ፤ መንገድ አድሬ ደረስኩ። እኅቴ ደጇ ላይ ባቄላ ታበጥር ነበር። ከሩቅ አየችኝ። ልትቀበለኝ አልሮጠችም። ሰፌዱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች፤ አጠገቧ ስደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«በታች ዞረሽ መጣሽ» አለችኝ።