እጇን ያወቅንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ኦስሎ፣ ሮምሶስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ከፍ ብሎ በሚገኘው የሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ ስድስተኛው የሸክላ ሳህኔ እጄ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ሰዓቱን የማስታውሰው እያንዳንዱ ሳህን ከቅርጽ ማውጫው የወጣበትን ደቂቃ እየመዘገብሁ ስለነበር ነው። እንጀራዬ ሄልስፊር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ ማደራጀት ነው፤ የተማርሁት ግን የጥንት ታሪክ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ እዚያ ሰፈር ለሚኖሩ ጥቂት የአገሬ ሴቶች፣ በመጀመሪያዎቹ የወንዝ ዳር ከተሞች ሰው እንዴት ይኖር፣ ምን ያመልክ፣ ማንን ያከብርና ማንን ይንቅ እንደነበር አስተምራለሁ። ከዓባይ ጀምረን ጤግሮስና ኤፍራጥስ ደርሰናል፤ ኢንዱስ ይቀረናል።

በኤፍራጥስ ዳር የጥንት ከተማ ሲቆፈር ዘወትር የሚገኘው ወርቅ አይደለም። ጠርዙ በሰያፍ የተቆረጠ፣ ሸካራ፣ ውበት የሌለው ጎድጓዳ ሳህን ነው። በቅርጽ ውስጥ በእጅ እየተጠቀጠቀ በብዛት ይሠራ ነበር። አንዳንድ ምሁራን ለሠራተኞች እህል የሚሰፈርበት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ዳቦ የሚጋገርበት ነው ይላሉ። እኔ የምወደው ስለ ነገሥታት አንድም ቃል ስለማይናገር ነው። በዚያ ቀን ያሰብነው እሱኑ አስመስለን ሠርተን በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለማሳየት ነበር።

ከተማሪዎቼ ሁለቱ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም የወሎ ሙስሊሞች ናቸው። አንደኛዋ ሲከየም በምንለው የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ዝምተኛ ሴት ናት። ሁለተኛዋ ባል የሞተባት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የታወቀ ቤት ልጅ መሆኗን ሰው እንዲረሳባት የማትፈልግ ናት። የዝምተኛዋ ሴት ልጅና የጨዋታ አዋቂዋ ወንድ ልጅ ሊጋቡ ነው። በማግስቱ እሑድ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ልጅቷን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ክፍሉ በሙሉ ይህን ያውቅ ነበር፤ ገና ላልተላከ ሽማግሌ ቀድመን እልል ብለናል።

ሳህኖቼ አንድ በአንድ በሚፈርሱበት ሰዓት፣ ዝም ላለማለት ብዬ፣ ግብጾች የሰውን ልጅ በሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር ላይ የሚያበጅ አምላክ እንደነበራቸው፣ በኤፍራጥስ ዳርም ሰው ከጭቃ ተበጀ ይባል እንደነበር አወራሁ።

«ሱብሃነላህ!» አለች ጨዋታ አዋቂዋ የልጁ እናት። «እነሱም ከጭቃ ነው የሚሉት? የኔው ሟች፣ አላህ ይማረውና፣ ሳይደርቅ የወጣ ነበር። የጫኑበትን ሁሉ ቅርጽ ይይዝ ነበር።»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ዝምተኛዋ ሴት አንገቷን ደፍታ፣ «መምህር፣ ገል የለውማ» አለችኝ።

የላስቲክ ጓንት ያደረገች እሷ ብቻ ነበረች፤ ጭቃውንም እስከዚያ አልነካችውም። አሁን ጓንቱን አወለቀች። መስኮቱ ሥር የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ነበር። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልላ ደጅ ወጣች፤ በድንጋይ ስትወቅጠው ሰማን። የገሉን ዱቄት በሻይ ማጥለያ ነፍታ ከጭቃው ጋር አሸችው። «ልስልሱ ብቻውን አይቆምም፤ የድሮው ሸክላ ነው አዲሱን የሚያቆመው» አለች፣ ለራሷ የምትናገር ያህል።

ከዚያ ቅርጹን ትታ ድብልብሉን ጭቃ ጠረጴዛው መሐል አኖረችው። ጭቃው ቆሞ እሷ ዞረችው። ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ አንድ እጇን በውስጥ፣ አንድ እጇን በውጭ አድርጋ ግድግዳውን ወደ ላይ ሳበችው። አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ አጠበበች፤ ሆዱን ጊዜው ባለፈበት የአውቶቡስ ካርድ ፋቀችው። ሰዓቴን ሳይ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ገንቦ ቆማለች፤ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። መዝገቤን ዘግቼ ነበር።

ቃል መዝኜ የምናገር ሴት ነኝ። በዚያች ደቂቃ ግን ደስታዬ አመለጠኝና ጮክ ብዬ፣ «እንዲህ ያለ እጅ ከእናት ካልተወረሰ አይገኝም! እናትሽ ናቸው ያስተማሩሽ?» አልኋት።

ጭብጨባው ቆመ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሸክላ ሠሪ በብዙ የአገራችን ክፍል ዕቃው እንደሚገዛ፣ ልጁ ግን እንደማይታጭ፣ «ቡዳ» እየተባለ እንደሚሸሽ አንብቤያለሁ፤ አስተምሬያለሁም። ያነበብሁት ነገር እጁን ታጥቦ ከፊቴ ቢቆም የማላውቀው መሆኔን ግን ያን ቀን ተረዳሁ።

የልጁ እናት ወደ ዝምተኛዋ ሴት ዞረች። «እናቴ ቅመም ነጋዴ ነበረች አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እና?»

«ገንቦ ነበር የምትሸጠው። ራሷ ናት የምትሠራው። እኔም አገሬን እስክለቅ አብሬያት ሠርቻለሁ።» ጓንቷን ከጠረጴዛው አነሳችና፣ «ልጄ ግን ጭቃ ነክታ አታውቅም» አለች።

ከሁሉ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነበር።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት አሮጊት ከጥግ፣ «እኔ በእነሱ ገንቦ ውኃ ስጠጣ አድጌ ነው ‘አትጠጊያቸው’ የተባልኩት። ውኃው መቼ ገደለኝ?» አሉ። የልጁ እናት ግን አልሳቀችም። ካፖርቷን ለበሰች፤ ገንቦዋን አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት፤ ደኅና ዋሉ ሳትል ወጣች።

ዝምተኛዋን ሴት እስከ ሕንጻዋ በር ሸኘኋት። ጥፋቴን ለመናዘዝ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ነገ ቤቴን የሚያንኳኳ ሰው ይኖር ይሆን?»

«አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እንጃ፣ መምህር። ለልጄ እየፈራሁላት ነው፤ እጄ ግን ደስ ብሎታል። እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።» ጣቶቿን እያየች ሳቀች። እኔም በበርች ዛፎቹ መካከል ወደ ባቡሩ ስወርድ፣ ከነጸጸቴ ፈገግ እንዳልሁ ነበር።

በማግስቱ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጋምለ ኦስሎ የሚገኘው የቤቴ በር ተደወለ። የልጁ እናት ናት። ግቢ ብላት እመግቢያው ላይ ቆማ ቀረች።

«ለልጄ ነገርኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‘እማ፣ እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው’። ልጅቷ በተዋወቁ ሰሞን ነግራዋለች! የምንደባበቀው እናቶቹ ብቻ ነን።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የተናደድኩት በቅመሙ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ጎኔ ተቀምጣ እንዴት ትዋሸኛለች? ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቁጭ ብዬ፣ ያኔ እውነቱን ብትነግረኝ ምን እላት ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን አወቅኩት። ወላሂ፣ ቁጣዬ አፈረ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ገና አታመስግኚ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወንድሜ ነው። ደውዬ ነገርኩት፤ ‘የኔ እግር ሸክላ ሠሪ ቤት አይረግጥም’ አለኝ። ‘እንግዲያው እግርህን ሰቅለህ ተቀመጥ’ አልኩት። አሁን ሁለት ቀሩኝ። ሁለት ሰው ምስክር እንጂ ሽማግሌ አይባልም። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ሴት ሽማግሌ ስትላክ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም።»

«ክርስቲያን ነኝ።»

«ወሎን አታውቂያትማ! እኛ ጋ ማን ከማን ይለይ ነበር? ደሞ ምስጢሩን ያወጣሽው አንቺ፤ ደጅ የሚጠናው ሌላ?»

ለከባድ ጥያቄ አስቤ በጽሑፍ መመለስ ልማዴ እንደሆነ ነገርኋት።

«ጻፊዋ! እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሻለሁ» አለች፤ ይህን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን።

ስልኬን አውጥቼ ወደ ሮምሶስ፣ ለዝምተኛዋ ሴት ደወልሁ፤ ድምፁንም ከፈትሁት። የልጁ እናት የነገረችኝን ሁሉ አንድ በአንድ ደገመችላት።  ከዚያ በልቅሶና በሳቅ መካከል ያለ ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ለሴት ሽማግሌ ምንድን ነው የሚቀርብላት?»

«ወንበር ይበቃታል፤ አብሽሪ!» ብላ የልጁ እናት ጮኸች።

እዚያው በሩ ላይ እንደቆምን ተወሰነ። በአሥር ሰዓት እንሄዳለን። ሁለቱ ወንዶች በዕድሜ ቢበልጡኝም መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ልጅቷን ከመጠየቃችን በፊት፣ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ መሆኗን አውቀን፣ ፈልገንና አክብረን እንደመጣን በግልጽ እናገራለሁ።