በእግር እንሂድ ያልኩ ቀን

የታሰርኩበት ቤት የሰሊጥ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ሰሊጡ ከወጣ ወራት አልፎታል፤ ዘይቱ ግን ከሲሚንቶው ወለል አልለቀቀም። ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሽታውም አብሮ ይነሳል። ዛሬም የትም ቦታ ሰሊጥ ሲራገፍ ካየሁ ቆም እላለሁ። ሰው ቢሰማኝ ይታዘበኛል እንጂ ያ መጋዘን ይናፍቀኛል።

ሥራዬ መሬት መለካት ነው። የመተማ ቆላን የእርሻ ድንበር ስለካ ዓመታት አልፈውኛል። ወታደሮች የያዙኝ ከሽንፋ ስመለስ ኬላ ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዬን አገኙ። መሣሪያው ውስጥ የየእርሻውና የየካምፑ መገኛ በቁጥር ተመዝግቧል፤ ስም ግን የለበትም። የትኛው ቁጥር የማን እርሻ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

"ይህን ለጫካዎቹ ነው የምታቀብለው?" አሉኝ።

"ለባለ እርሻዎቹ ነው" አልኩ። መሣሪያው እዚያው ቀረ፤ እኔም ቀረሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ነበርን። ከእኔ ግራና ቀኝ የሚተኙት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። በቀኝ በኩል ሸሕዲ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ሳሙናና ጨርቅ ከድንበር እያስመጡ የሚነግዱ ሽማግሌ አሉ፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ማዶ ካለ ዘመድ ጋር በስልክ ስላወሩ ነው የታሰሩት። በግራዬ ደግሞ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ ጎልማሳ አለ። መታወቂያ አልያዘም፤ ሌላ ወንጀል አላወቁለትም። ሚስቱ ከአንድ እርሻ ካምፕ ውስጥ ለሠራተኞች ወጥ ትሠራለች።

ጠዋት ጠዋት ከሐጂ ቤት ፉል ይመጣል። እሳቸው ሳህኑን መሐላችን ያስቀምጡና እኛ ሦስት አራት ጊዜ ሳንጎርስ እጃቸውን አይሰዱም። ጎጃሜው የአጨዳ ዜማ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሐጂ በዐረብኛ መቁጠር ያስተምሩት ነበር፤ ሰባት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ ሁልጊዜም እንስቃለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ጠዋት አዛዡ አስጠራኝ። ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ሰጠኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

"መንገድ እየዘጋ ሰው የሚያግተውን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

የማያውቀው አልነበረም። አውቶቡስ አስቁሞ መንገደኛ ወደ ጫካ ይነዳል፤ ከተነዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

አዛዡ አንድ እርሻ ጠራልኝ። "እዚያ ካምፕ ገብቷል። ለጥቂት ቀናት ይቆያል ተብሏል። ቁጥሩ የትኛው ነው?"

ወዲያው ገባኝ፤ ከሰማይ ሊመቱት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ድሮን ከላያችን ሲያንዣብብ እንሰማ ነበር።

"ካምፑ ውስጥ ሠራተኞች አሉ" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"በእግር ሄዳችሁ ብትይዙትስ?"

"ባለፈው በእግር ሄድን" አለ። "የዋልካው ጭቃ መኪና አያስገባም፤ ሰውንም እስከ ጉልበቱ ይውጣል። ሳሩ ውስጥ ተኝተው ጠበቁን። ልጆቼን ቀብሬ መጣሁ። ለእናቶቻቸው የደወልኩት እኔ ነኝ። የእነሱ ነፍስ ነፍስ አይደለም?"

እውነቱን ነው።

"እስከ ነገ አስብበት" ብሎ ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

ለሁለቱ ነገርኳቸው። የእርሻውን ስም ስጠራ ጎጃሜው ማንጎራጎሩን አቆመ። "አያ" አለኝ፣ "እሷ እኮ እዚያ ነው ያለች።" ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ።

ሐጂን ለማየት ፈራሁ። ልጃቸውን ከአውቶቡስ ያስወረዱት የዚያ ሰውዬ ታጣቂዎች ናቸው። አስከሬኑን ጫካ ውስጥ ያገኙት እረኞች ናቸው። ቢሆንም ጠየቅኳቸው።

"ሐጂ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔን አትጠይቀኝ፣ ልጄ" አሉ። "እኔ ብጠየቅ ዛሬውኑ እሳት ይውረድበት ነው የምለው።"

ተነስተው የከሰዓት በኋላውን፣ የዐስር ሶላታቸውን ሰገዱ። ከሰገዱ በኋላም ብዙ ቆዩ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"በእግራቸው ሄደው ይያዙት" አሉኝ። "አንድ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ልጄ በመጨረሻ ሰዓት ምን አለ? ይህን የሚያውቀው ያ ሰውዬ ነው። ከሰማይ ከመቱት ማንን እጠይቃለሁ?"

በማግሥቱ አዛዡ ፊት ቆምኩ።

"ቁጥሩን አልነግርዎትም" አልኩ። "መንገዱን ግን አሳያለሁ። በወንዙ በኩል ድንጋያማ ከፍታ አለ፤ እዚያ ዋልካው አይዝም፣ ሳሩም አጭር ነው። ስለካ የሄድኩበት ነው። ከፊት እኔ እሆናለሁ።"

"ቢተኩሱስ?"

"ከፊት ነኝ አልኩ እኮ።"

"ፈሪ ትመስለኝ ነበር" አለ።

"ነኝ" አልኩት።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። እኔ ከፊት፣ አዛዡ ከኋላዬ፣ ወታደሮቹ ከእሱ በኋላ። ወንዙ ደፍርሶ ወገባችን ድረስ ደረሰ። ከተሻገርን በኋላ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ በየሂላው፣ በየነዶ ክምሩ፣ ቆሞ ጠዋት ፀሐይ ላይ ይደርቅ ነበር። ያን ሜዳ ስንት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ያማረ መሆኑን ያየሁት ግን ያን ጠዋት ነው።

ካምፑ ስንደርስ ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን ጥለው እጃቸውን አነሱ። ራኩባው ሥር፣ ከሳር በተሠራው ጥላ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ማማሰያ ይዛ ቆማለች። ሁሉም የያዘውን ሲጥል እሷ ማማሰያዋን አልጣለችም።

ሰውዬው የለም። ማታውን ሄዷል። እሱና ታጣቂዎቹ የተኙበት ሳር እንደተጋደመ ነበር። አዛዡ የእሳታቸውን አመድ በጫማው በተነውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ አንድ ሰው አልሞተም፤ የመጣንለት ሰው ግን አመለጠ።

ስንመለስ አዛዡ አላናገረኝም። ወንዙ ላይ ውኃው ሲገፋኝ ግን እጁን ዘርግቶ ያዘኝ።

ለጎጃሜው "ደህና ናት፣ ማማሰያ ይዛ አየኋት" አልኩት። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጎተተ።

ወደ ሐጂ ዞርኩ። "አመለጠ" አልኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ ያስቀመጧትን ውኃ አንስተው ፊቴ በርከክ አሉ። ከወንዙ ዳር እስከ ጉልበቴ ጭቃ ይዞኝ ነበር።

"ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ እንዴት እግሬን ያጥባሉ? ውኃውን ለእኔ ይስጡኝ።"

"ተቀመጥ" አሉኝ። "መንገደኛ ነህ።"

ጭቃውን በጣታቸው እየፈለፈሉ ሁለቱንም እግሬን አጠቡ። ውኃው አለቀ። ለሶላታቸው በውኃ ፈንታ ደረቅ አፈር በእጃቸው ነክተው ፊታቸውን አበሱና ሰገዱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሦስታችንንም ፈቱን። ለምን እንደታሰርን እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደተፈታንም አልነገሩንም። በዚያው በጋ ሰውዬው ሌላ አውቶቡስ እንዳስቆመ ሰማሁ። የወረዱትን ሰዎች አላውቃቸውም። እነሱን ሳስብ ምግብ አልወርድ ያለኝ ቀን ብዙ ነው። አዛዡ የደወለላቸውን እናቶችም አስባለሁ።

ጎጃሜውና ሚስቱ ለአጨዳ ሲወርዱ እኔን ሳይጠይቁ አያልፉም። ዐረብኛውን ሰባት ላይ ዛሬም ይስታል።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ናቸው። ሸሕዲ በሄድኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን አናነሳም። ባለፈው ብቻ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው።

"ሐጂ፣ ቁጥሩን ሰጥቼ ቢሆን ይሻልዎት ነበር?"

የሚያጥፉትን ጨርቅ አጥፈው ጨረሱ፤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

"አንዳንድ ቀን፣ አዎ" አሉኝ።

ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። እስኪዘጉ ድረስ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።