አሥሩ ንጹህ ወረቀቶች

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አምቦ ውስጥ በትውስት የምጠቀምበት ሚዛን ፊት ቆሜ ሳለሁ ነው። የፋብሪካችን ሚዛን የሲሚንቶ ጆንያ እንጂ ትንፋሽ የሚያህል አቧራ አይመዝንም። ስለዚህ ጊንጪ አጠገብ ካለው ፋብሪካችን ናሙናዬን ይዤ በላንድሮቨር አምቦ ድረስ እመላለስ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ ከጭስ ማውጫው ወጥቶ መንደሩ ላይ የሚያርፈውን፣ ከዱቄት የደቀቀ አቧራ መለካት ነበር። ከፋብሪካው አጥር ማዶ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ አየር ሳቢ ፓምፕ አስቀምጫለሁ። አፉ ላይ ክብ ነጭ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ሲሄድ ይመዘናል፤ ውሎ አድሮ ሲመለስ ደግሞ ይመዘናል። ልዩነቱ የመንደሩ ሰዎች የሚተነፍሱት ነው።

የዚያን ቀን የመዘንኩት አሥረኛውንና የመጨረሻውን ወረቀት ነበር። ክብደቱ እንደ ሄደ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ሾፌራችን ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን አየና፣ «ፋብሪካው ጸበል ተጠመቀ እንዴ?» አለኝ።

አልሳቅሁም። ዘጠኙም እንደዚሁ ነበሩ፤ ለክፍል ኃላፊዬ አስታውቄ እሱም ደስ ብሎታል። ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ አለ። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የአቧራ ማጥመጃ ከተበላሸ ቆይቷል። ይጠገን ከተባለ ሲሚንቶው የሚጋገርበት ምድጃ ለሳምንታት ይቆማል፤ ይቆይ ከተባለ እስከሚቀጥለው ዓመት የሚያነሳው የለም። የሚወስኑት ደግሞ የእኔን ቁጥር አይተው ነው። እኔ ግን በዚያ ግቢ ያለው የጎመን ቅጠል ነጭ ሆኖ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሾፌሩን በቀጥታ ወደዚያ እንዲወስደኝ ለመንኩት። የቤቱን እመቤት እንደ አካባቢው ልማድ አዴ እላቸዋለሁ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ የተረጎመልኝ ሾፌሩ ነው። የመጨረሻዋ ልጃቸው፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደፍ ላይ ተቀምጣ ትስላለች። ማሽኑን የነካ ሰው እንዳለ ሲጠይቃቸው አዴ ተቀየሙ። እሳቸው እያሉ ማን ይነካዋል? ከዚያ አጥሩ ላይ የተሰጣ ነጠላ አሳዩን። አቧራው የሚበረታው ማታና ንጋት ላይ በመሆኑ፣ ሲመሽ የማሽኑን አፍ በነጠላው ይጠቀልላሉ። ጠዋት እኛ ሳንደርስ ፈትተው ያጥቡታል። ውሃው ነጭ ሆኖ ይወርዳል አሉ።

«ሰው አደራ ያለኝን ዕቃ አቆሽሼ ልመልስ?»

አደራ ያልኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ነበረብኝ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲያየኝ አፈርኩና ያንን አንድ ቃል ብቻ ተናግሬ መኪና ውስጥ ገባሁ። እነሆ፣ ልጃቸው አቧራውን እየሳበች፣ የእኔ ማሽን ተሸፍኖ ሲያድር ከርሟል።

አሁን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሾፌሩም ሳይቀልድ ተረጎመ። አዴ ዞረው ልጃቸውን አዩ።

«ታዲያ ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኃላፊዬን ቢሮው አገኘሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። የምርት ዕቅዱ ጭንቅላቱን ይዞት ነበር። ቁጥሩ ተለክቶ የመጣ ቁጥር ነው፣ ነጠላና ጎመን ሪፖርት ውስጥ አይገባም አለኝ። ስብሰባ ላይ መናገር እንደምፈራ ስለሚያውቅ የሚያግዘኝ መስሎት፣ «አይዞሽ፣ ማንም ተናገሪ አይልሽም። ፈርመሽ ብቻ ተቀመጪ» ብሎ ሪፖርቱን ሰጠኝ። ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ወንዶች ባሉበት አዳራሽ ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ኃላፊዬ ከሪፖርቱ ቅጂ እያነበበ አየሩ ንጹህ ነው የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ተነሳሁ። 

«ወረቀቶቹ የነጡት አየሩ ንጹህ ሆኖ አይደለም፤ ፓምፑ ተሸፍኖ ነበር። ምን እንደሚሠራ ለቤቱ ሰዎች ያልነገርኩ እኔ ነኝ።»

አንዱ የአሥር ቀን ነዳጅ በከንቱ ሄደ ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሌላው፣ «እንግዲያ የሸፈነው ጨርቅ ይመዘንልና!» ሲል ሁሉም ሳቁ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ በእኔ ቁጥር ምንም እንዳይወስኑ፣ አሥር ቀን ብቻ እንዲጨምሩልኝ፣ በዚህ ጊዜ ፓምፑ አጠገብ ራሴ እንደምቀመጥ ተናገርኩ። ያልፈረምኩትን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ አኑሬ መልስ እስኪሰጡኝ ድረስ ቆምኩ።