ለአኩራፊዎች የሚመች ሳህን

ታላቅ ወንድሜና እኔ የተኳረፍነው በአባታችን ሬዲዮ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እሱም «ለእኔ ይገባል» አለ፣ እኔም «ለእኔ ይገባል» አልኩ። ሬዲዮው መሥራት ካቆመ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ይህ ግን አንዳችንንም አላበረደንም።

ወራት አለፉ። ዒድ ሲቃረብ ጎፋ ያለችው እናታችን ለሁለታችንም ደወለች። «ኩርፊያችሁን ይዛችሁ ቤቴ እንዳትመጡ! መጀመሪያ አንድ ላይ ብሉ። ወላሂ በር አልከፍትም» አለች። እናቴ ወላሂ ካለች አለቀ። ያለ እሷ ቤት ደግሞ ዒድ ዒድ አይመስለኝም።

ዘዴዋ ገብቶኛል። ከአንድ ትሪ እየቆረሱ መኮራረፍ አይቻልም፤ እጅ ከእጅ ይጋጫል፣ ወጡ ወደ አንዱ ያደላል፣ ሳይታወቅ ወሬ ይጀመራል። ወንድሜ ግን ከእሷም የባሰ ተንኮለኛ ነው። «መካኒሳ አቦ፣ ሕንድ ቤት፣ ለምሳ» የሚል መልእክት ላከልኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሳልወድ በግዴ አደነቅኩት። እዚያ ቤት ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀርበው የራሱ ሳህን ነው።

የፕላስቲክ ወንበር፣ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም የማይገባው የክሪኬት ጨዋታ የሚያሳይ ቴሌቪዥን፤ ቤቱ ይኸው ነው። ባለቤቱ ፓኪስታናዊ፣ ምግብ አብሳዩ ሕንዳዊ ነው፤ ሰፈሩ «ሕንድ ቤት» ብሎ ገላግሏቸዋል። ባለቤቱ መጀመሪያ ሰሞን ይከራከር ነበር አሉ። አሁን ስልክ ሲያነሳ ራሱ «ሕንድ ቤት» ነው የሚለው።

ታጥበን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ክፍልፍል ያላቸው ሁለት የብረት ሳህኖች መጡ፤ ሩዙ በአንድ በኩል፣ ምስሩ በሌላ በኩል፣ የበጉ ወጥ ትልቁ ክፍል ላይ። ቂጣው እንኳን ለየብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ሳህን ዕድሜ ልክ ተኳርፎ መኖር ይቻላል። ወንድሜ ክሪኬቱን ያያል፤ ገብቶት እንዳይመስላችሁ። እኔ ሩዜን አያለሁ። ወጡ ያቃጥላል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። ሶፍቱ በእሱ በኩል ስለሆነ ከምጠይቀው ብዬ በእጄ ጀርባ ጠረግኩ።

ምግቤን ስጋምስ የወንድሜን ሳህን ልብ አልኩ። ምስሩ አልቋል፣ ሩዙም ሊያልቅ ነው። ሥጋው ግን አልተነካም። ቁራጭ በቁራጭ እየተገፋ፣ ወደ እኔ በሚያየው ጠርዝ ላይ ተከምሯል።

ልጆች ሆነን ከአንድ ትሪ ስንበላ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋልኝ ነበር። ትልቅ ከሆንንም በኋላ አልተወውም። አሁንም ዓይኑን ክሪኬቱ ላይ ተክሎ ሌላ ቁራጭ እየገፋ ነው። ሳህናችን መለየቱን ለእጁ የነገረው የለም።



«ለማን ነው የምትገፋው?» አልኩት።

ወደ ሳህኑ አየና ዓይኑን ሰበረ። «ብላ በቃ! ምን ታፈጥብኛለህ?» አለኝ ተቆጥቶ።

እጄን ወደ እሱ ሳህን ዘረጋሁ። ሥጋው በርዷል። ወንድሜ ግን ናፍቆኝ ስለነበር አንድም ሳላስቀር በላሁለት።